ሽማግሌዎቹ ቆመው የሰሙት ድራማ

ይህን የምጽፈው ምክር ፈልጌ አይደለም። ምክር የሚሰጡኝ ዘመዶች ሞልተውኛል፤ ሁሉም «ለአንቺው ብዬ ነው» ብለው ይጀምሩና «እኔ ምን ቸገረኝ» ብለው ይጨርሳሉ። የምጽፈው አንድ እሑድ ጠዋት እኛ ቤት የሆነውን ነገር ሰፈሩ አጣሞ ስለሚያወራው ነው። አንዳንዱ «በሬዲዮ ምክንያት ባል አመለጣት» ይላል። ሌላው አባቴን «ሽማግሌ አቁሞ ድራማ የሚሰማ» እያለ ያማዋል፣ ያውም እኛው ቤት በልቶ የወጣ ሰው። ከመጀመሪያው ልንገራችሁና ፍርዱን ለራሳችሁ ያዙት።

ሌንሴ እባላለሁ። መገናኛ አጠገብ አንድ ፋርማሲ ውስጥ እሠራለሁ። ጎረቤቱ ያዘዘለትን መድኃኒት «ካልሰጠሽኝ» እያለ ከሚጨቃጨቀኝ ሰው ጋር ስለምውል ለሰው ልጅ ያለኝ አድናቆት ብዙም አይደለም። እናቴ ካረፈች ወዲህ የምኖረው ከአባቴ ጋር ብቻ ነው። ቤታችን ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ እንጦጦ ሽቅብ በሚወጣው ኮረኮንች ላይ፣ ባሕር ዛፉ ከሚጀምርበት ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው። አባቴ ዱጋሳ ዱሮ ገበሬ ነበር። ያርሰው የነበረው ሜዳ ዛሬ ቪላና አፓርትማ በቅሎበታል። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዘመን ጥበቃ ሆኖ ሠራና ጡረታ ወጣ። አሁን የቀሩት ሥራዎች ጓሮው ያለችውን ድንች መኮትኮትና እሑድ ጠዋት «መርከብ ዘጠኝ»ን ማዳመጥ ናቸው።

«መርከብ ዘጠኝ»ን የማታውቁ ዕድለኞች ካላችሁ፣ የሬዲዮ ድራማ ነው። ምድር አልመች ያለቻቸው ኢትዮጵያውያን በጠፈር መርከብ ተሳፍረው ሌላ መሬት ፍለጋ ከኮከብ ኮከብ ይንከራተታሉ። የጀመረው እኔ ገና ፊደል ስቆጥር ነው። ያኔ ኦክስጅን ሊያልቅባቸው ነበር። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ወጣሁ፣ ሥራ ያዝኩ፣ እናቴን ቀበርኩ፤ አሁንም ኦክስጅናቸው ሊያልቅ ነው። የመርከቧ በር ሲከፈት የሚሰማው የቆርቆሮ አጥር በር ድምፅ ነው። የሌላ ዓለም ፍጡራን ሲመጡ ጁስ መፍጫ ይጮኻል። ኮማንደሩ ደግሞ መርከቧ በእሳት ተያይዛ እንኳ ዜና እንደሚያነብ ሰው ረጋ ብሎ «አስቴር ሆይ! ሕዋው ጨለማ ነው፤ የእኛ ልብ ግን ብርሃን ነው!» ይላል። አስቴር ታለቅሳለች። አስቴር በየሳምንቱ ታለቅሳለች።

አባቴ ይህን ሁሉ ሳይስቅ ይሰማል። ለምን እንደሚወደው ስጠይቀው «መሬት እየፈለጉ ነው እኮ» ይለኛል። ስልኬ ላይ ላወርድልህ ስለው ደግሞ «የተቀዳ ነገር ያደረ ወጥ ነው» ብሎ እምቢ ይላል። አንቴናዋ ተሰብሮ በሽቦ የተተካባትን ሬዲዮ መስኮቱ ላይ ያስቀምጥና ሽቦውን ከመስኮቱ ብረት ጋር ያስራል። ሌላ ቦታ ላይ አይሰማም። ድራማው ሲጀምር «ኮቱ!» ብሎ በኦሮምኛ ይጠራኛል፣ ነይ ማለቱ ነው። እኔም ልብስ ማጠብ አለብኝ ብዬ እቀራለሁ።

ወደ ብሩክ ልምጣ። ብሩክ መድኃኒት የሚያስመጣ ድርጅት ውስጥ ይሠራል፤ ወላጆቹ ሲኤምሲ ቪላ አላቸው። ጫማው አቧራ ነክቶት አያውቅም፤ ሲያወራ ቀስ ብሎ ነው፤ «ቤብ» ይለኛል። «ቤብ» ሲለኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ አሁን ስጽፈው ያንገፈግፈኛል። ገና ነገሩ ሲጀመር የነገርኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር። «አባዬን ብቻውን ጥዬ አልሄድም፤ ወይ እሱ እኛ ጋር ይኖራል፣ ወይ እኛ እሱ ጋር እንኖራለን። ይሄ ካልተመቸህ ከአሁኑ ንገረኝ» አልኩት። እጄን ያዘና ዓይን ዓይኔን እያየ «አባትሽ አባቴ ነው» አለኝ። አመንኩት።

ሽማግሌ የሚላክበት ቀን ሲቆረጥ እሑድ ጠዋት ከቅዳሴ በኋላ ሆነ። «እሑድ ጠዋትስ አይሆንም፣ አባዬ ድራማ አለው» አልኩት።

«ሲሪየስ ነሽ?» አለኝ። «ሽማግሌ በሬዲዮ ፕሮግራም ይቀጠራል እንዴ?»

እውነቱን ነው ብዬ ተውኩት። ለአባቴም እሑድ ሰዎች እንደሚመጡ ስነግረው «ይምጡ» አለ፤ ሬዲዮዋን ግን ከመስኮቱ አላነሳም።

በዚያ እሑድ የእናቴ እህት አክስቴ አስካለ ማልዳ መጥታ ቤቱን አተረማመሰችው። እኔን ቀሚስ አልብሳ፣ ነጠላ አከናንባ ጓዳ አስገባችኝ። ወጉ እንደዚያ ነው፤ የምትጠየቀው ልጅ ጓዳ ሆና ዕጣዋን በመጋረጃ ትሰማለች። አክስቴ ጎኔ ቆመች። ሁለታችንም የምናየው መጋረጃውን ብቻ ነው፤ ሳሎን የሚሆነውን በድምፅ መለየት ነበረብን። ሳልወድ በግድ እኔም የሬዲዮ አድማጭ ሆንኩ ማለት ነው።

የሽማግሌዎቹ መኪና ኮረኮንቹን መውጣት አቅቶት ታች ቀረ። ብሩክም እንደ ወጉ መኪናው ውስጥ ቀረ። ሽማግሌዎቹ ዳገቱን በእግራቸው ወጥተው ሲያለከልኩ ይሰማኛል። የመጡት ሦስት ናቸው። ዋናው የብሩክ አጎት አቶ ተካ ናቸው፤ የአንድ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ነበሩ፤ ጡረታ ቢወጡም ሰብሳቢነቱ አልለቀቃቸውም። ሁለተኛው የቤተሰቡ የንስሐ አባት አባ ገብሬ ናቸው። ሦስተኛው አንድም ቃል ሳይተነፍሱ የዋሉ ጎረቤት ናቸው፤ ከሦስቱ ያከበርኩት እሳቸውን ነው።

«ግቡ፣ ግቡ! ተቀመጡ እንጂ» አለ አባቴ።

«የለም፣ አቶ ዱጋሳ» አሉ አቶ ተካ እያለከለኩ። «ለትልቅ ጉዳይ ነው የመጣነው። ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም።»

ይህን ጨዋታ ታውቁታላችሁ። ሽማግሌ አልቀመጥም ይላል፤ ባለቤት በፈጣሪ ስም ይለምናል፤ ሽማግሌ እንደገና እምቢ ይላል፤ ባለቤት እንደገና ይለምናል፤ ሁሉም ሲደክመው ይቀመጣሉ። አባቴም ወጉን አሳምሮ ያውቃል። ግን ልመናውን ሊጀምር ሲል የ«መርከብ ዘጠኝ» መግቢያ ሙዚቃ ጀመረ።

«እሺ» አላቸው። ከዚያ ሬዲዮዋ ከፍ ስትል ሰማሁ።

አክስቴ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። «እሺ አለ? እሺ ነው ያላቸው?»

አዎ፣ እሺ ነው ያላቸው። ሽማግሌዎቹም ሳይለመኑ መቀመጥ ነውር፣ ጥለው መውጣት ደግሞ የባሰ ነውር ሆኖባቸው እንደተገተሩ ቀሩ። ዳገት የወጡ ሽማግሌዎች ክብደታቸውን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ሲያዛውሩ፣ ጫማቸው ወለሉን ሲፍቅ ይሰማኛል። አክስቴ ወጥታ ልትለምናቸው አትችልም፤ የሴት ወገን አይወጣም። የወግ ነገር እንዲህ ነው፤ ያወጡትን ሰዎች እግር እስኪያብጥ ያቆማቸዋል።

ስልኬ ብልጭ አለ፤ ብሩክ ነው። «ቤብ፣ ተቀመጡ?»

«አልተቀመጡም» አልኩት።

«ለምን?»

«ድራማ እየሰሙ ነው።»

የሚስቅ ፊት ላከልኝ።

በዚያ ቀን መርከቧ በመጨረሻ አየርም ውሃም ያላት ጨረቃ አግኝታለች። ግን ከብዳለችና ካልቀለለች ማረፍ አትችልም። ዕቃ ሁሉ ተጥሏል፤ አሁንም አልበቃም። የቀረው የባሻ ወልዴ ዘር ክፍል ነው። ባሻ ወልዴ ከምድር የመጣውን የጤፍ፣ የገብስና የባቄላ ዘር ሲጠብቁ ያረጁ ሰው ናቸው፤ ከዘሩ አልለይም ብለዋል። የመርከቧ ዶክተር ታዲያ አንድ ሐሳብ አመጣ። ዘሩም ባሻም በትንሿ መንኮራኩር ተጭነው ጨረቃዋን እየዞሩ ይቆዩ፣ እኛ እንረፍ አለ። «ለእሳቸውም የሚሻለው ይኸው ነው» አለ ዶክተሩ። «ምግብ አላቸው፣ ሙቀት አላቸው። እየሄድን እንጠይቃቸዋለን።» አስቴር አለቀሰች፤ ኮማንደሩም ድምፅ ይሰጥበት አለ።

«ማነው ይሄ ዶክተር?» አሉ አባ ገብሬ በሹክሹክታ።

«ክፉ ነው» አለ አባቴ። «የዛሬ ዓመት ውሃውን የደበቀው እሱ ነው።»

«ውይ!» አሉ አባ።

ትዳሬ ደጃፍ ላይ ቆሞ መልስ እየጠበቀ ሦስት አዛውንቶች ስለ አንድ ቆርቆሮ ዶክተር ይንሾካሾካሉ። መጋረጃውን ቀድጄ ልጮኽባቸው ነበር። አክስቴ «ራጉኤል ይፍረደኝ፣ ጉድ ሆንን» እያለች ታማትባለች። ከዚያ ኮማንደሩ ረጅሙን ንግግር ጀመረና ሁሉም ትንሽ ተነፈሱ። አቶ ተካ ግን ዝም ማለት አልቻሉም።

«ዶክተሩ እኮ ልክ ነው» አሉ። «አቶ ዱጋሳ፣ ስሜትና አስተዳደር ይለያያሉ። ለአንድ ሽማግሌ ተብሎ ሕዝብ አየር ላይ አይንጠለጠልም።»

«ዘሩስ?» አለ አባቴ።

«ዘር ከገበያ ይገዛል!»

«ጨረቃ ላይ ገበያ የለም» አለ አባቴ።

አባ ገብሬ ሳቁ። አቶ ተካ የተሸነፉ መሰላቸው፤ መሸነፍ ደግሞ አይችሉበትም። «ሽማግሌውስ ቢሆን የሚንከባከበው ካገኘ ምን ቸገረው?» አሉ። «እርስዎንም እኮ ልጆቹ አልረሱዎትም። አረጋውያን የሚጦሩበትን ቦታ ብሩክ ራሱ ሄዶ አይቶታል። ንጹሕ ነው፣ እኩያ አለ፣ ቴሌቪዥን አለ። ይሄን ቤት ልጆቹ አፍርሰው ጥሩ ነገር ይሠሩበታል፤ እይታው እንዴት ያለ ነው! እርስዎን ደግሞ እሑድ እሑድ እየመጡ ይጠይቁዎታል።»

«ማን?» አለ አባቴ።

«ልጆቹ ናቸዋ! ሌንሴም ተስማምታ የለ!»

አባቴ እስኪመልስ ጠበቅኩ። ውሸት ነው ይላል፣ ይቆጣል፣ ይጠራኛል ብዬ ጠበቅኩ። የሰማሁት ግን የሬዲዮዋን ድምፅ ጥቂት ከፍ ሲያደርጋት ነው።

ስልኬን አነሳሁ። «አባዬን የት ነው የምትወስደው?» ብዬ ጻፍኩለት።

ብሩክ ጻፈ፣ አጠፋ፣ እንደገና ጻፈ። «ሰርፕራይዝ ነበር ቤብ። በኋላ እናወራበታለን። ቦታው ፕሪሚየም ነው።»

ፕሪሚየም! ስልኩን ለአክስቴ አሳየኋት። አነበበችና ከንፈሯን ነከሰች። «ዝም በይ» አለችኝ በሹክሹክታ። «ልጅ በሽምግልና ቀን አትወጣም። ከተጋባችሁ በኋላ ቀስ ብለሽ ታስተካክይዋለሽ።»

ቀስ ብሎ ማስተካከል የዘመዶቼ የሁሉ በሽታ መድኃኒት ነው። ያዘዙልኝ ሁሉ ራሳቸው ሳያስተካክሉ አርጅተዋል።

ሬዲዮው ላይ ድምፅ መስጠት ተጀመረ። አንዱ ይጣሉ አለ፣ አንዱ አይጣሉም አለ። አባ ገብሬ እያንዳንዱን በ«ጎሽ!» እና በ«አዬ!» ተከታተሉ። እኩል ለእኩል ሆነና የአስቴር ድምፅ ብቻ ቀረ። አስቴር ማልቀሷን አቆመች። አፏን ከፈተች። የቆርቆሮ በር ተንኳኳ፣ ሙዚቃው ገባና ተራኪው «አስቴር ምን ትል ይሆን? ለሳምንት ይጠብቁን!» አለ።

«እንዴ! አለቀ?» ብለው አባ ገብሬ ጮኹ።

አባቴ ሬዲዮዋን ዘጋ። «እሺ» አለ። «አሁን ጉዳያችሁን ተናገሩ።»

አቶ ተካ ጉሮሯቸውን ጠራርገው ከአብርሃምና ከሣራ ጀምረው እስከ ብሩክ ዲግሪ ድረስ ተናገሩ።

«እንግዲህ» አለ አባቴ፣ «ልጅቷ ከተስማማች እኔ ምን እላለሁ? ለሳምንት ተመለሱና መልሱን እሰጣችኋለሁ።»

ያችን ድምፅ አውቃታለሁ። ትንሽ ልጅ ሳለሁ ማሳችንን ሊለኩ የመጡትን ሰዎች «እሺ» ያላቸው በእሷ ድምፅ ነው። ያኔም አልተቆጣም። በሩ ላይ ቆሞ ሰዎቹ ገመድ ሲዘረጉ አየና ሲጨርሱ ውሃ ሰጣቸው። ያን ቀን ልጅ ነበርኩ፤ አሁን ግን አይደለሁም።

መጋረጃውን ገለጥኩት። አክስቴ ልትይዘኝ ስትል ነጠላው እጇ ላይ ቀረ። ሽማግሌዎቹን ያየሁት ያን ጊዜ ነው። አቶ ተካ ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ ይዘዋል፤ አባ ገብሬ መቋሚያቸውን ተደግፈዋል፤ የሦስቱም ጫማ በኮረኮንቹ አቧራ ነጥቷል። አባቴ መስኮቱ ስር በርጩማ ላይ ተቀምጦ የሬዲዮዋን ሽቦ በጣቱ ይጠቀልላል።

«አባዬ፣ ቀጠሮ አትስጣቸው» አልኩ። «እኔ በምንም አልተስማማሁም። ስለዚያ ቦታ የሰማሁት አሁን፣ ከእሳቸው አፍ ነው።» ወደ አቶ ተካ ዞርኩ። «ለብሩክ ንገሩልኝ። የእኛ ለሳምንት የሚቀጥል አይደለም፤ እዚህ ላይ አልቋል።»

«ልጄ፣ ሽማግሌ ፊት እንዲህ አይባልም» አሉ አቶ ተካ።

«ሽማግሌ ፊት መዋሸትስ ይቻላል?»

አባ ገብሬ ሳል ያዛቸው። አቶ ተካ ባርኔጣቸውን አጠለቁና ወደ በሩ ዞሩ። ያን ጊዜ አባቴ ከበርጩማው ተነሣ፤ ፊቱ ሌላ ሰው ሆኗል።

«ቆዩ!» አላቸው። «ቤቴ ገብታችሁ ሳትቀመጡ አትሄዱም። በእግዚአብሔር! ስለ ማርያም! ምን ሲባል!»

ቅድም የዘለለውን ልመና አሁን በአንድ ጊዜ አወረደው፤ እጃቸውን እየያዘ ወንበር ላይ ያስቀምጣቸው ጀመር። ልጅ የተከለከሉ ሽማግሌዎች ምን ይበሉ? እግራቸው ዝሎ ነበርና ተቀመጡ። አክስቴ እያለቀሰች ዶሮውን አወጣች። እኔ አስታጠብኳቸው። ዝምተኛው ጎረቤት ሁለተኛ እንቁላል ሲቀርብላቸው አልተቃወሙም። አባ ገብሬ እየጎረሱ «ለመሆኑ አስቴር ምን የምትል ይመስልዎታል?» ብለው አባቴን ጠየቁት።

ስልኬ ብልጭ አለ። «ቤብ፣ ተቀመጡ?»

«አዎ፣ አሁን ተቀመጡ» ብዬ መለስኩለት። ቀይ ልብ ላከልኝ።

አንባቢዎቼ፣ አሁን የምትሉትን አውቃለሁ። ብታናግሪው ኖሮ፣ ብትታገሺ ኖሮ፣ ሰው ይሳሳታል ትሉኛላችሁ። አናገርኩት። በማግስቱ ፋርማሲው ድረስ መጥቶ «ለአንቺ ብዬ ነው፣ እንዳይከብድሽ ነው» አለኝ። አባቴ ከብዶኛል ብዬ የነገርኩት መቼ እንደሆነ ስጠይቀው ስልኩን አውጥቶ አየ። ከኋላው ወረፋ የያዘች ሴትዮ «እባክሽ የኔን ስጪኝ» ስትለኝ የእሷን ሰጠኋት፤ እሱም ሄደ። ዛሬም ስንት ብሩክ ስንቱን አባት በልቡ ከቤት አስወጥቶ፣ ቦታውን አይቶ፣ «ተስማምታለች» እያለ ሽማግሌ እንደሚልክ ሳስብ ይገርመኛል። ክፋታቸው እንኳ ደፋር አይደለም፤ በሰው አፍ ነው የሚናገሩት። ከዚያ ቀን ወዲህ በእኔ ስም «እሺ» የሚል ሰው ሲገጥመኝ፣ አለቃም ይሁን ዘመድ፣ እዚያው ሰው ፊት «አላልኩም» እላለሁ። ጓደኞች አጥቼበታለሁ። ባጣቸውም የምጸጸትባቸው አይደሉም።

የአስቴርን ነገር ሳልነግራችሁ ብቀር ደግሞ ትታዘቡኛላችሁ። በሳምንቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልጠራ ሄጄ አባቴ አጠገብ ተቀመጥኩ። አስቴር አፏን ከፈተች፤ ልትናገር ስትል የሚወነጨፍ ድንጋይ መርከቧን መታትና ጨረቃዋም፣ ድምፁም፣ ባሻም ተረሱ። መርከቧ አሁንም እየተንከራተተች ነው። ኦክስጅኑም ሊያልቅ ነው። ደራሲው ፈሪ ነው ብዬ ሬዲዮው ላይ ጮኽኩ። ወዲያው የአባቴ ስልክ ጠራ። አባ ገብሬ ነበሩ፤ እሳቸውም ተናደዋል።

በቅርቡ አንድ እሑድ ጠዋት አባቴ ጓሮ ድንች ሲኮተኩት አጠገቡ ቆሜ ስለዚያ ቀን ጠየቅኩት።

«ተስማምታለች ሲሉህ አመንካቸው?»

«አመንኩ» አለ፣ ቀና ሳይል።

«ታዲያ ለምን አልጠራኸኝም? ለምን አልተቆጣህም?»

አፈሩን ከድንቹ ላይ በአውራ ጣቱ ጠረገ። «አስቤ ጨርሼ ነበር» አለኝ። «ሬዲዮዋን ብቻ ነው ወደዚያ ይዤ የምሄደው ብዬ። ሽቦውን የማስርበት መስኮት ይኖር ይሆን ወይ የሚለው ነበር የቸገረኝ።»

ቤት ገብቼ ፊቴን ታጠብኩ፤ ሲያለቅሱ መታየት የአስቴር ሥራ ነው። ከዚያ ሽቦውን ከመስኮቱ ብረት ጋር አጥብቄ አሰርኩና ሬዲዮዋን ከፈትኩ። ያ አስቀያሚ ሙዚቃ ጀመረ። በመስኮቱ አንገቴን አውጥቼ «ኮቱ፣ አባዬ! ጀመረ!» ብዬ ጠራሁት።